አማራጩ ከውሃ ማዶ ሲሆን፦ የትንሽ መንደር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ለወላጅ መመዘን

መግቢያ

ስለ ትምህርት ቤት ምዘና የሚጻፉ ጥናቶች ወላጅን አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት እንደ መራጭ ነው። በፊቱ ሁለት ሦስት ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ያወዳድራል፤ የተሻለውን ይመርጣል። ከጣና ደሴቶች ሁሉ ትልቁ በሆነው በደቅ የሚኖር ገበሬ ወይም ዓሣ አስጋሪ ግን ከመንደሩ ትምህርት ቤት ሌላ ቢፈልግ በአብዛኛው ውሃ መሻገር አለበት። ስለዚህ ልጁ ሰባት ዓመት ሲሞላው የሚያወጣ የሚያወርደው ሐሳብ ሌላ ነው። ዘንድሮ ላስመዝግበው ወይስ ከብት እየጠበቀ አንድ ዓመት ይቆይ? እዚሁ ይማር ወይስ ባሕር ዳር ካለች አክስቱ ዘንድ ልላከው? እዚሁ ከጀመረስ እስከ ስንተኛ ክፍል ይቆይ?

እነዚህ ውሳኔዎች ቀላል አይደሉም። ልጅን ከተማ መላክ ቀለብ፣ ልብስና የመጓጓዣ ወጪ ይጠይቃል፤ ከእርሻው የሥራ እጅ ይቀንሳል፤ ልጁንም ከእናት ከአባቱ ይለያል። እዚሁ ማስቀረት ደግሞ ትምህርቱ ደካማ ከሆነ ተመልሶ የማይገኝ ጊዜ ያስከፍላል። ወላጁ ግን የሚወስነው በአብዛኛው በወሬና በጎረቤት ልምድ ነው። ይህ ጽሑፍ ለየትኛውም ትምህርት ቤት ደረጃ አይሰጥም። ዓላማው ለአስተዳደር ሥራ የተዘጋጀው ምዘና ለእንዲህ ያለው ወላጅ ስለምን እንደማይበቃው ማስረዳት፣ በእሱ ምትክም በትንሽ ትምህርት ቤት ላይ ትርጉም ያላቸውን ሦስት ጥያቄዎች ማቅረብ ነው።

የኢንስፔክሽን ደረጃ ለወላጅ ምን ይነግረዋል?

በአገራችን የአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽን ማዕቀፍ ከ2006 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ማዕቀፉ ትምህርት ቤቶችን በ26 ስታንዳርዶች ይመዝናል። ስታንዳርዶቹ በሦስት ዘርፎች የተከፈሉ ሲሆን ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 ከመቶ ክብደት ይይዛሉ። ድምሩ ከ50 በታች የሆነ ትምህርት ቤት ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ያልደረሰ ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ያልደረሰ ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ 4 ይባላል። አሠራሩ ለወረዳ፣ ለዞንና ለክልል ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ጠቃሚ ነው፤ በጀትና ድጋፍ ወዴት መሄድ እንዳለበት ያመለክታልና።

ለወላጅ ግን ድምሩ ከሚገልጠው ይልቅ የሚሸፍነው ይበዛል። ለምሳሌ ያህል ሁለት ትምህርት ቤቶችን በሐሳብ እንውሰድ። የመጀመሪያው ከግብዓት 10፣ ከሂደት 30፣ ከውጤት 28 አገኘ፤ ድምሩ 68 ሆነ። ሁለተኛው ከግብዓት 22፣ ከሂደት 20፣ ከውጤት 26 አገኘ፤ ይህም 68 ሆነ። ሁለቱም ደረጃ 2 ናቸው። አንደኛው ቤተ መጻሕፍት የሌለው፣ የግድግዳው ጭቃ የረገፈ፣ ነገር ግን መምህራኑ በትጋት የሚያስተምሩበት ነው። ሌላው በሚገባ የተሠራ፣ ነገር ግን በክፍሉ ውስጥ የሚካሄደው ትምህርት የላላ ነው። ለበጀት ክፍፍል ሁለቱ አንድ ዓይነት ድጋፍ የሚሹ ሊመስሉ ይችላሉ። ልጁን ለሚያስረክብ አባት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ።

በዚህ ላይ የደሴት ትምህርት ቤት በግብዓት ዘርፍ ከጅምሩ ዝቅ ብሎ ይነሣል። ሲሚንቶው፣ ቆርቆሮው፣ መጽሐፉና ዴስኩ በጀልባ ተጭኖ የሚመጣ በመሆኑ የአንድ ክፍል ግንባታ ከየብሱ ይልቅ ይወደዳል። ይህ የመምህሩ ጥፋት አይደለም፤ የልጁን የማንበብ ችሎታም በቀጥታ አይወስንም። ስለዚህ ወላጅ ደረጃውን ሲሰማ ቀጥሎ ሊጠይቅ የሚገባው “ነጥቡ የጎደለው ከየትኛው ዘርፍ ነው?” የሚለውን ነው።

የትንሽ ቁጥር ችግር

ሁለተኛው የተለመደ መለኪያ የፈተና ውጤት ነው። “ከእኛ ትምህርት ቤት አምና 8ኛ ክፍል የተፈተኑት ይህን ያህል ከመቶ አለፉ” ሲባል ቁጥሩ እውነት ሆኖ ሳለ ሊያሳስት ይችላል። የሚያሳስተውም በሁለት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ዕድል ነው። በአንድ ትንሽ ትምህርት ቤት 16 ተማሪዎች ለፈተና ቢቀመጡ እያንዳንዱ ተማሪ ከ6 ነጥብ በላይ ይመዝናል። አንድ ዓመት 8፣ በሚቀጥለው ዓመት 12 ተማሪዎች ቢያልፉ ውጤቱ ከ50 ወደ 75 ከመቶ ዘለለ ይባላል። መምህራኑ ግን ያው፣ መጽሐፉም ያው ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ልጆች በፈተናው ሰሞን በወባ ተኝተው፣ ሁለት ጎበዞች ደግሞ በዚያው ዓመት ገጥመው ይሆናል። የማለፍ ዕድላቸው 60 ከመቶ በሆነ 16 ተማሪዎች ላይ በዕድል ብቻ የሚፈጠረው መደበኛ ልዩነት ወደ 12 ነጥብ ይጠጋል፤ 100 ተማሪዎች ቢሆኑ ግን 5 ነጥብ ያህል ብቻ ነው። ቶማስ ኬን እና ዳግላስ ስታይገር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ላይ ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ትናንሽ ትምህርት ቤቶች በደረጃ ሠንጠረዥ አናትም ግርጌም በብዛት የሚታዩት ውጤታቸው ከዓመት ዓመት ስለሚዋዥቅ ነው። ስለዚህ የትንሽ ትምህርት ቤት የፈተና ውጤት ከተጠቀሰ ቢያንስ የሦስትና የአራት ዓመት ድምር ሆኖ ሊጠቀስ ይገባዋል።

ሁለተኛው አሳሳች መንገድ የቀሩትን ልጆች መርሳት ነው። 1ኛ ክፍል 40 ልጆች ገብተው 8ኛ ክፍል የደረሱት 16 ቢሆኑና ከእነርሱ 12 ቢያልፉ ውጤቱ 75 ከመቶ ነው። ከገቡት አንጻር ሲታይ ግን 30 ከመቶ ብቻ ነው። ከቀሩት መካከል ያቋረጡ አሉ፤ ክፍል የደገሙ አሉ፤ ወደ ከተማ የተላኩም አሉ። ወላጅ የሚያስመዘግበው የ1ኛ ክፍል ልጅን ነውና ለእርሱ የሚጠቅመው መነሻ 40ው ነው። ይህን ቁጥር ለማግኘት ልዩ ጥናት አያሻም፤ የትምህርት ቤቱን የምዝገባ መዝገብ ከስምንት ዓመት በፊት ካለው ገጽ ጀምሮ መከታተል ይበቃል።

አንደኛው ጥያቄ፦ መምህሩ ስንት ቀን አስተማረ?

ትምህርት ከጊዜ ይጀምራል። የትምህርት ዘመኑ 40 ሳምንት፣ ሳምንቱም 5 ቀን ነው ብለን ብናሰላ 200 ቀን ይሆናል። አንድ መምህር በየሳምንቱ አንድ ቀን ቢቀር በዓመት 40 ቀን፣ በአራት ዓመት 160 ቀን ይጠፋል። ይህ አንድ የትምህርት ዘመን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ልጁ “4ኛ ክፍል ነኝ” ሲል የተማረው ሦስት ዓመት ከጥቂት ቀናት ብቻ ነው ማለት ነው።

በደሴት ላይ የቀሪው ምክንያት ከየብሱ ይለያል። መምህሩ ለስብሰባ፣ ለሥልጠና፣ ለሕክምና ወይም ለደመወዝ ጉዳይ ውሃ ሲሻገር የአንድ ሰዓት ጉዳይ የሁለት ቀን ጉዞ ይሆናል። ሐይቁ ሲናወጥ ጀልባ አይወጣም። በተማሪው በኩል ደግሞ የአጨዳና የውቂያ ሰሞን፣ የገበያ ቀንና የከብት ጥበቃ አለ። በእነዚህ ላይ ክልሉን በሙሉ ያጋጠሙ መቋረጦች ተጨምረዋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት በአገሪቱ ያሉ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ሥራ አቁመዋል። የዘንድሮ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ተማሪ በመዝገብ ያለው ዕድሜና በክፍል ያሳለፈው ዕድሜ ላይገጣጠም ይችላል።

መለኪያው ቀላል ነው። ለአንድ ወር ያህል በየቀኑ ሁለት ነገር ይመዘገባል፤ ትምህርት ቤቱ ተከፍቷል ወይ? የ1ኛ፣ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል መምህራን ክፍል ገብተዋል ወይ? ይህን በትምህርት ቤቱ በር የሚያልፍ ማንኛውም ሰው ሊያየው ይችላል። የቀረው መምህር ስም አይያዝም፤ የሚያዘው የቀሪው ምክንያት ነው። ምክንያቱ ስብሰባ ከሆነ መፍትሔው ያለው ስብሰባ በሚጠራው ጽሕፈት ቤት ነው፤ ምክንያቱ የመኖሪያ ቤት እጦት ከሆነ መፍትሔው በከፊል በራሱ በመንደሩ እጅ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ልጁ ያላየውን ጽሑፍ ያነባል?

ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ውጤቶች ሁሉ የሌሎቹ መሠረት ንባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ክፍል የገቡ፣ ደብተር የያዙ፣ ከ1ኛ ወደ 2ኛ ክፍል የተዛወሩ ነበሩ። በታችኞቹ ክፍሎች ተማሪን በተከታታይ ምዘና እየደገፉ ያለ መውደቅ የማሳለፍ አሠራር በመኖሩ “ልጄ አለፈ” የሚለው ዜና “ልጄ ያነባል” ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ የአካባቢው ነባር ትምህርት የሚያስተምረን ቁም ነገር አለ። በደቅ ያለው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ፣ በአጠገቡም ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኙበት በዚህ ሐይቅ ዙሪያ የንባብ ትምህርት ከዘመናዊው ትምህርት ቤት በፊት ብዙ ዘመን ኖሯል። ፊደል ቆጣሪው ልጅ “ሀ ሁ ሂ” የሚለውን ገበታ ከጨረሰ በኋላ “አቡጊዳ” ይሰጠዋል። አቡጊዳ ያንኑ ፊደል በሌላ ተራ የደረደረ ነው። ገበታውን በዜማ በቃሉ የያዘ ልጅ አቡጊዳ ላይ ይጋለጣል፤ ፊደሉን በመልኩ የለየ ልጅ ግን ያልፋል። ከዚያም ቁጥር፣ ግእዝ፣ ውርድ ንባብና ቁም ንባብ እያለ ደረጃ በደረጃ ወደ ዳዊት ይሄዳል። ዳዊት መድገሙ የሚታወቀው በወላጅና በጎረቤት ጆሮ ነበር። መምህሩ የሰጠውን ማረጋገጫ ማኅበረሰቡ ራሱ ይሰማው ነበር ማለት ነው።

የዘመኑ የምዘና ጥናት የደረሰበት መንገድ ከዚህ የራቀ አይደለም። በሕንድ እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው አሰር የተባለው ዓመታዊ ጥናት፣ ከእርሱም ተምሮ በ2009 በኬንያ፣ በታንዛንያና በኡጋንዳ የተጀመረው ኡዌዞ፣ በጎ ፈቃደኞችን ቤት ለቤት እየላኩ ልጆችን ፊደል፣ ቃል፣ አጭር አንቀጽና ቀላል ታሪክ ያስነብባሉ። ልጁ የደረሰበት ከፍተኛው እርከን ውጤቱ ይሆናል። ፈተናው በቤት መሆኑ ሁለት ጥቅም አለው፤ ያቋረጠው ልጅም ይቆጠራል፤ እናትም ቆማ ትሰማለች።

በመንደር ደረጃ ይህን ለማድረግ አራት ካርዶች ይበቃሉ። በመጀመሪያው አሥር ፊደላት ከተራቸው ውጭ ይጻፋሉ። በሁለተኛው አሥር የተለመዱ ቃላት፣ በሦስተኛው ሦስት ዐረፍተ ነገሮች፣ በአራተኛው ደግሞ ስለ ታንኳ፣ ስለ ደንገል ወይም ስለ እርሻ የሚናገር አንድ አጭር ታሪክ ይሰፍራል። ታሪኩ ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ መሆን አለበት፤ የመጽሐፉን ምንባብ ልጆች በቃላቸው ይዘውት ሊሆን ይችላልና። ካነበበ በኋላ ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል፤ አንደኛው መልሱ በጽሑፉ ውስጥ ያለ፣ ሁለተኛው ልጁ ራሱ አስቦ የሚመልሰው ይሁን። ማንበብ የማይችል ወላጅም ከዚህ ምዘና ውጭ አይደለም፤ ልጁ ያነበበውን መልሶ በራሱ ቃል እንዲነግረው ያደርጋል፣ አንድ ጎረምሳ ተማሪ ወይም ዲያቆን ደግሞ ከጽሑፉ ጋር ያመሳክርለታል። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ናሙና መውሰድም አያስፈልግም። የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች በሙሉ በጥቂት ቀናት ሊታዩ ይችላሉ።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ከዚህ የወጡት የት ደረሱ?

በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ነበር። በ2015 ዓ.ም. በጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 6ኛ፣ መካከለኛ ደረጃ 7ኛና 8ኛ፣ ሁለተኛ ደረጃ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሆኗል። ለትንሽ መንደር ይህ ለውጥ ተግባራዊ ጥያቄ ያስነሣል፤ ልጁ 6ኛ ክፍልን ሲጨርስ ቀጣዩ ክፍል የት ነው? ርቀቱ በእግር ነው ወይስ በጀልባ? ቤት ተከራይቶ፣ ስንቅ እየተላከለት የሚማር ከሆነ ወጪውን ማን ይችላል?

ጥያቄው በተለይ በሴት ልጆች ላይ ይከብዳል። ወንድ ልጅን ከጓደኞቹ ጋር በኪራይ ቤት ለማኖር የማያመነታ ወላጅ ሴት ልጁን ለመላክ ያመነታል። ስለዚህ የቀድሞ ተማሪዎች መንገድ ሲጠና የወንድና የሴት መረጃ ተለይቶ መቅረብ አለበት። ከአምስት ዓመት በፊት 6ኛ ክፍል የነበሩትን ልጆች ዝርዝር ይዞ እያንዳንዳቸው ዛሬ የት እንዳሉ መጠየቅ በትንሽ መንደር ከባድ ሥራ አይደለም፤ ሁሉም ይተዋወቃል። ያው መተዋወቅ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ውጤቱ በድምር ብቻ መነገር አለበት፤ “ከሰባቱ ሴቶች አንዷ አግብታ አቋረጠች” ቢባል በመንደሩ ማን እንደሆነች የማያውቅ የለም። ስለዚህ አነስተኛ ቁጥሮች ሲያጋጥሙ የሁለትና የሦስት ዓመት ተማሪዎችን ማጣመር ይሻላል።

ከከተማ ጋር ማወዳደርም በዚህ ጥያቄ ሥር ይወድቃል። የባሕር ዳር ትምህርት ቤት አማካይ ውጤት ከመንደሩ ቢበልጥ ብልጫው ሁሉ የትምህርት ቤቱ ሥራ አይደለም። በከተማው ክፍል የተቀመጡት ልጆች ብዙዎቹ የተማረ ወላጅ፣ መብራትና መጽሐፍ ያላቸው ናቸው። ከደሴት የሄደው ልጅ ይህን ሁሉ ይዞ አይገባም። በዘመድ ቤት ውሃ መቅዳትና ሕፃን መጠበቅ የእርሱ ድርሻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛው ንጽጽር ከደሴቱ ተልከው የተማሩ ልጆች፣ እዚያው ከቀሩት እኩዮቻቸው ጋር ሲታዩ ነው።

መረጃው ከወላጅ እጅ ከገባ በኋላ

መረጃ መስጠት ብቻውን ትምህርትን ያሻሽላል ወይ? ከውጭ የተገኙ ሁለት ጥናቶች ተቃራኒ የሚመስል መልስ ይሰጣሉ። አንድራቢ፣ ዳስና ክዋጃ በፓኪስታን ፑንጃብ በ112 መንደሮች ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ጥናት ለወላጆች የልጃቸውንና የትምህርት ቤቶችን ውጤት የያዘ ካርድ ተሰጠ። ካርዱ በተሰጠባቸው መንደሮች የተማሪዎች ውጤት በ0.11 መደበኛ ልይይት ጨመረ፤ የግል ትምህርት ቤቶች ክፍያም በ17 ከመቶ ቀነሰ። በሕንድ ኡታር ፕራዴሽ ባነርጂና ባልደረቦቹ ያደረጉት፣ በ2010 የታተመው ጥናት ግን ወላጆችን ሰብስቦ ስለ ልጆቻቸው ንባብ ማስረዳት ብቻውን በትምህርት ቤቱ ላይ ለውጥ እንዳላመጣ አሳየ። ለውጥ የታየው የመንደሩ ወጣቶች ከትምህርት ሰዓት ውጭ የንባብ ማስተማሪያ ባቋቋሙበት ቦታ፣ በዚያም በተገኙት ልጆች ላይ ነበር።

ልዩነቱን በአብዛኛው የሚያስረዳው የቦታው ሁኔታ ይመስላል። በፑንጃብ መንደሮች በርከት ያሉ የመንግሥትና የግል ትምህርት ቤቶች ጎን ለጎን ስለነበሩ ወላጅ ልጁን ሊያዛውር ይችል ነበር፤ ይህም ትምህርት ቤቶቹን አስጨነቀ። ደቅን የመሰለ ቦታ ግን ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል። አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው በአንድ ተቋም ያልተደሰተ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ጥሎ መውጣት ወይም ድምፁን ማሰማት። በደሴት ላይ ጥሎ መውጣት የሚችለው ከተማ ዘመድ ያለውና አቅም ያለው ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ በስብሰባ የሚናገረው፣ ርዕሰ መምህሩን የሚጠይቀውም እርሱ ነው። መረጃው “ትምህርት ቤቱ ደካማ ነው” ብሎ ብቻ ቢወጣ ይህ ሰው ልጁን ይዞ ይሄዳል፤ ድምፅ የሌላቸው ወላጆች ልጆች ከደካማው ትምህርት ቤት ጋር ይቀራሉ። እንዲህ ያለው ምዘና ሊረዳቸው ያሰባቸውን መልሶ ይጎዳል።

ስለዚህ የምዘናው ውጤት የሚነገርበት መድረክ ከምዘናው ያላነሰ አስፈላጊ ነው። መድረኩ አለ፤ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት እንዲሁም የቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ይህንኑ ሥራ እንዲሠሩ የተቋቋሙ ናቸው። እነዚህ አካላት በተግባር የሚጠሩት ብዙ ጊዜ ለገንዘብ መዋጮና ለጉልበት ሥራ ነው፤ ስለ ልጆች ንባብ የሚወያዩበት አጋጣሚ ይጠባል። ሦስቱ ጥያቄዎች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመስከረም ምዝገባና በጥር አጋማሽ፣ በኅብረቱ ፊት ቢመለሱ ወላጁ የሚያውቀውን፣ መምህሩም የሚጠየቅበትን ነገር አስቀድሞ ያውቃል። ከእያንዳንዱ መልስ ጎንም የሚሠራ ነገር መያያዝ አለበት። ንባብ ከደከመ የ10ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ክረምት ላይ ወደ ደሴቱ ሲመለሱ ለታናናሾቻቸው የሚያስነብቡበት ፕሮግራም ይዘጋጃል። የመምህር ቀሪ ከበዛ ስብሰባዎች ከትምህርት ቀናት ውጭ እንዲሆኑ በጽሑፍ ይጠየቃል።

ለቀጣይ ጥናት

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ይህ ርዕስ ገና ያልታረሰ መሬት ነው። በጣና ደሴቶችና ዳርቻዎች ባሉ ትምህርት ቤቶች የምዝገባ መዛግብትን ወደ ኋላ ተከትሎ የአንድ ዓመት ገቢዎችን መንገድ መሳል፣ ከተማ የተላኩትን ከቀሩት እኩዮቻቸው ጋር ማነጻጸር፣ በወላጆች ፊት የሚደረግ የንባብ ምዘና ከመምህሩ ከተከታታይ ምዘና ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ መፈተሽ፣ እያንዳንዳቸው ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቁ ጥያቄዎች ናቸው። የምርምር ሥነ ምግባሩ ግን ከወትሮው ይጠብቃል። አጥኚው ውጤቱን በመጀመሪያ ማስታወቅ ያለበት ለመንደሩ ነው፤ ያም ሰው ሁሉ በሚገባው ቋንቋ፣ ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ሊሆን ይገባል። በጥቅምት የሚደርስ ጥናት ለአማካሪውና ለቤተ መጻሕፍቱ ሊጠቅም ይችላል፤ በነሐሴ መጨረሻ ልጁን ጀልባ ላይ ለማሳፈር ወይም ለማስቀረት ለሚያመነታው አባት ግን አንድ ዓመት ዘግይቷል።